ነጭ ሕዋሱ ባነሰ በሽተኛ ደም ውስጥ ስለሚገኘው ምስክር

ሐኪሞች ሴፕሲስ ብለው የሚጠሩት፥ በአገራችንም ብዙ ሰው የደም መመረዝ እያለ የሚያውቀው በሽታ ከሰው ልጅ ብርቱ ጠላቶች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። በ2020 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሞ የወጣው የሊቃውንት ግምት እንደሚያስረዳው፥ በ2017 ዓ.ም. ብቻ በመላው ዓለም 48.9 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ በሽታ ተይዞ 11 ሚሊዮኑ ሞቷል። ይህም በዚያ ዓመት ከሞተው ሰው ሁሉ ከአምስቱ አንዱ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። በዚያው በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር የዓለም ጤና ጉባኤ መንግሥታት ሁሉ ይህን በሽታ ለመከላከልና በጊዜ ለማወቅ እንዲተጉ ውሳኔ አስተላልፏል።

ነገር ግን ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለ በሽታው በጠቅላላው ለመናገር አይደለም። ከበሽተኞቹ መካከል አንድ ወገን አለ፤ እርሱም የሰውነቱ ወታደር የሆነው ነጭ የደም ሕዋስ ያለቀበት ወይም እጅግ ያነሰበት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የደም መመረዝ ሲይዘው በምን ይታወቃል? በደሙ ውስጥስ የሚገኘው ምስክር ምን ያህል ይታመናል? የምንመለከተው ይህንን ነው።

አስቀድሞ ስለ በሽታው ጥቂት ቃል እንናገር። የደም መመረዝ ማለት ጀርም በደም ውስጥ ተገኘ ማለት ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የልዩ ልዩ አገር ሐኪሞች ተሰብስበው እንደ ወሰኑት፥ ሰውነት ጀርሙን ለመመከት ያስነሣው ኀይል ሥርዓቱን ስቶ የገዛ አካሉን፥ ሳንባውን፥ ኵላሊቱን፥ ልቡንና አእምሮውን መጕዳት የጀመረ እንደ ሆነ ነው ሴፕሲስ የሚባለው። ጠላትን ለመውጋት የወጣ ሠራዊት ተመልሶ የባላገሩን አዝመራ እንደሚያጠፋ ያለ ነው።

ስለ ነጭ ሕዋስ ተዋጊነት በመጀመሪያ በግልጥ ያስረዳው ኢሊያ ሜችኒኮፍ የተባለው ሊቅ ነው። ይህ ሰው በ1882 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በመሲና ከተማ ተቀምጦ ሳለ፥ ብርሃን የሚያሳልፍ ገላ ባለው ገና ባላደገ የባሕር ኮከብ ውስጥ ትንሽ እሾህ ሰካ። በማግሥቱም በአጉሊ መነጽር ቢመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበው አገኛቸው። ሰውነት የባዕድን ነገር መግባት ዐውቆ ወታደር የሚልክ መሆኑ ከዚህ ተገለጠ፤ ሜችኒኮፍም ስለዚሁ ሥራው በ1908 ዓ.ም. ከጀርመኑ ሊቅ ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ።

በጤነኛ ሰው በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 የሚደርስ ነጭ ሕዋስ ይገኛል ተብሎ በመጻሕፍት ተጽፏል። ከእነዚህም መካከል ባክቴሪያን በመዋጥ የሚታወቀው ኒውትሮፊል የተባለው ነው። ይህም ሕዋስ በዐጥንት መቅኔ ውስጥ ይፈጠራል፤ በደም ውስጥም የሚቈየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ መቅኔው ሥራውን ያቋረጠ እንደ ሆነ ወዲያው ያልቃል። ለካንሰር በሽታ የሚሰጠው ብርቱ መድኃኒት መቅኔውን ያደክመዋል። ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ ኒውትሮፊል እጅግ ይወርዳል። የደም ካንሰር ራሱ መቅኔውን ይወርሳል፤ ሌሎችም በሽታዎች አሉ።

በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ጀራልድ ቦዲና ባልደረቦቹ 52 የደም ካንሰር በሽተኞችን ተከታትለው ያወጡት ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሕዋሱ እየወረደ በሄደ መጠን የጀርም በሽታ እንደሚበዛ፥ ይልቁንም ዝቅተኛነቱ ብዙ ቀን የቈየ እንደ ሆነ አደጋው እንደሚበረታ በቍጥር አሳዩ። ዛሬ ከ500 በታች የሆነ ኒውትሮፊል እንደ ብርቱ አደጋ፥ ከ100 በታች የሆነው ደግሞ ከዚያ እጅግ የባሰ ሆኖ ይቈጠራል።

ክፋቱ ግን ጀርሙ በቀላሉ መግባቱ ብቻ አይደለም። ከገባም በኋላ አለመታየቱ ነው። መግል ምንድር ነው? በውጊያ ላይ የሞቱ ነጭ ሕዋሳት ክምችት ነው። ተዋጊ ከሌለ መግል አይኖርም። ቍስሉ ላይቀላ፥ ላያብጥም ይችላል። በሳንባ ምች የተያዘው ሰው ደረቱ በራጅ ሲታይ በመጀመሪያው ቀን ንጹሕ መስሎ ይገኛል፤ የኵላሊት መንገድ ሕመም ያለበት ሰው ሽንቱ ሲመረመር የመግል ሕዋስ አይገኝበትም። የለመድነው የበሽታ ምልክት ሁሉ በጀርሙ ሳይሆን በወታደሮቻችን የተሠራ ስለ ሆነ፥ ወታደሩ ሲጠፋ ምልክቱም አብሮ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ትኵሳት ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎችና ኮርቲዞን የመሰለ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች እርሱም ሊጐድላቸው ይችላል።

በ1992 ዓ.ም. ሐኪሞች ለዚህ በሽታ መለያ ብለው ካወጧቸው ምልክቶች አንዱ የነጭ ሕዋስ ከ12,000 መብለጥ ወይም ከ4,000 ማነስ ነበር። መቅኔው በመድኃኒት ለደከመ ሰው ግን ይህ መለያ ምንም አይነግርም፤ ሳይታመምም ቍጥሩ ዝቅተኛ ነውና። ስለዚህ ሊቃውንት ከነጭ ሕዋስ ውጭ ሌላ ምስክር ለመፈለግ ተገደዱ።

ምስክሩ ከተገኘ ግን ቈይቷል። በ1930 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ በሮክፌለር ተቋም በኦስዋልድ ኤቨሪ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ የሳንባ ምች ስለሚያመጣው ጀርም ይመረምሩ ነበር። ከጀርሙ አካል ለይተው ሲ ብለው የሰየሙትን ንጥረ ነገር በሕመሙ ብርታት ላይ ካለ በሽተኛ ከተወሰደ የደም ውሃ ጋር ሲቀላቅሉት ረጋ፤ በሽተኛው በዳነ ጊዜ ግን ያው ሰው ደሙ ይህን ማድረጉን ተወ። ይህ ነገር እንግዳ ነበር። ከበሽታ በኋላ የሚፈጠረው የመከላከያ ኀይል በመዳን ጊዜ ይጨምራል እንጂ አይጠፋምና። በ1941 ዓ.ም. አቤርነቲና ኤቨሪ ፕሮቲን መሆኑን አስረዱ፤ ስሙም ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ተባለ፤ ሐኪሞች በአጭሩ ሲአርፒ ይሉታል።

ለጕዳያችን ትልቁ ነገር ይህ ፕሮቲን የሚሠራበት ስፍራ ነው። የሚሠራው በመቅኔ ውስጥ አይደለም፤ በጕበት ውስጥ ነው። ጀርም ወደ ሥጋ በገባ ጊዜ በየአካሉ ተበትነው የሚኖሩት ዘበኛ ሕዋሳትና የደም ሥሮች ውስጠኛ ሽፋን ኢንተርሉኪን 6 የተባለውን መልእክተኛ ወደ ደም ይለቃሉ፤ ጕበትም መልእክቱን ተቀብሎ ሲአርፒን በብዛት ያመርታል። እንግዲህ በደም ውስጥ የሚዞረው ሠራዊት ቢያልቅም መልእክተኛው ይሄዳል፤ ጕበቱም ነጋሪቱን ይጐስማል። ክተት ቢባል የሚከተት ሰው የለም፤ ነጋሪቱ ግን ይሰማል። ነጭ ሕዋሱ ያነሰበት በሽተኛ ከሌላው ባላነሰ ሲአርፒው ከፍ ሊል የሚችለው ስለዚህ ነው። ጕበቱ ራሱ የደከመ ሰው ከሆነ ግን ነጋሪቱም ይደክማል።

በጤነኛ ሰው ሲአርፒ በአንድ ሊትር ደም ከ10 ሚሊግራም በታች ነው፤ በብርቱ የባክቴሪያ በሽታ ጊዜ ከ100 ያልፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ከ300 በላይ ይደርሳል። ሆኖም ወዲያው አይነሣም። ጀርሙ ሥራውን ከጀመረ 6 ሰዓት ያህል ከሆነው በኋላ መውጣት ይጀምራል፤ ከፍተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው በ2 ቀን አካባቢ ነው። መንስኤው ሲወገድ በ19 ሰዓት ያህል በግማሽ እየቀነሰ ይወርዳል። ይህ የሰዓት ነገር ለኋላ ያስፈልገናልና አንባቢ በልቡ ይያዘው።

ሁለተኛው ምስክር ፕሮካልሲቶኒን ነው። ይህ በአንገት ላይ ባለው በታይሮይድ ዕጢ ውስጥ ለሚሠራው ካልሲቶኒን ለተባለው ሆርሞን መነሻ የሚሆን ነገር ነው። በ1993 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር አሲኮና ባልደረቦቹ ብርቱ የባክቴሪያ በሽታ በያዛቸው ሕፃናት ደም ውስጥ ይህ ነገር እጅግ በዝቶ እንደሚገኝ አስታወቁ። ዕጢው በቀዶ ጥገና ወጥቶለት የነበረ በሽተኛ እንኳ በደሙ ስለ ተገኘበት፥ በሕመም ጊዜ የሚያመርቱት ሌሎች የአካል ክፍሎች እንደ ሆኑ ታወቀ። መጠኑ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ በናኖግራም፥ ማለት በግራም ቢሊዮንኛ፥ ይለካል፤ በጤነኛ ሰው በአንድ ሚሊሊትር ከ0.1 በታች ሲሆን፥ ከ0.5 ያለፈ እንደ ሆነ ሐኪሙ የባክቴሪያ በሽታ ይጠረጥራል። ከሲአርፒ ይልቅ ፈጥኖ ይነሣል፤ በቫይረስ በሽታ ጊዜም ብዙ ስለማይጨምር በዚህ ይመሰገናል።

ነገር ግን ስለዚህ ምስክር የተነገረው ምስጋና ሁሉ ነጭ ሕዋሱ ላነሰ በሽተኛ እንዳለ አይሠራም። በ2001 ዓ.ም. በብሪታንያ የደም ሕክምና መጽሔት ላይ ስቫልዲና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት፥ ነጭ ሕዋሳቸው ከ1,000 በታች በወረደ በሽተኞች ዘንድ ፕሮካልሲቶኒን በሽታውን የመግለጥ ኀይሉ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ነጭ ሕዋሳት በዚህ ነገር መመረት አንድ ዓይነት ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም ማለት ነው። እንግዲህ ሌላው ሰው ቢሆን 5 ወይም 10 የሚደርሰው ቍጥር በዚህ በሽተኛ ዘንድ 0.4 ሆኖ ቢገኝ፥ ወረቀቱን ብቻ የሚያነብ ሐኪም በሽተኛውን ደኅና ነህ ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። በሽተኛው ግን ደኅና አይደለም።

የሲአርፒም ጕድለት በሌላ ወገን ነው። ካንሰሩ ራሱ፥ ቀዶ ጥገና፥ አንዳንድ መድኃኒትም ከፍ ያደርጉታል። አንዱ ምስክር ዝም ሊል ይችላል፤ ሌላው ያለ ነገር ሊጮኽ ይችላል። በዳኝነት ወንበር የተቀመጠ ሰው የአንድ ምስክር ቃል ብቻ ሰምቶ እንደማይፈርድ፥ ሐኪሙም በአንድ ቍጥር ሊፈርድ አይገባውም።

ታዲያ እነዚህ ምርመራዎች ምን ይጠቅማሉ? ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ጥቅማቸው መድኃኒት ይጀመር ወይስ አይጀመር ብሎ ለመወሰን ይመስለዋል። ኒውትሮፊሉ ከ500 በታች የሆነ፥ ሙቀቱም አንድ ጊዜ 38.3 ዲግሪ የደረሰ ወይም 38 ዲግሪ ሆኖ አንድ ሰዓት የቈየ በሽተኛ የጀርም መድኃኒት በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥሩ ሊሰጠው ይገባል። ደም ለካልቸር ምርመራ አስቀድሞ ይቀዳል፤ ውጤቱ ግን አይጠበቅም፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን፥ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ይፈጃልና። ሲአርፒውም አይጠበቅም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ገና እንዳልተነሣ ከላይ ተናግረናል፤ ስለዚህ ትኵሳቱ በጀመረበት ሰዓት የተወሰደ ዝቅተኛ ቍጥር ጀርሙ የለም ለማለት አያስችልም። በ2021 ዓ.ም. የወጣው ሴፕሲስን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያም፥ መድኃኒት ለመጀመር ሲወሰን ፕሮካልሲቶኒንን መደገፊያ ከማድረግ የሐኪሙ የራሱ ምርመራ ይሻላል ሲል መክሯል። ለማቆም ሲታሰብ ግን ከሐኪሙ ምርመራ ጋር ቢታይ መልካም ነው ብሏል። የመመሪያው ቃል በጠቅላላው ለአዋቂ በሽተኞች ነው፤ ነጭ ሕዋሱ ላነሰበት ሰው መድኃኒቱን ማቆም ከሌላው ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻ መሆኑ ግልጥ ነው።

የምስክሮቹ ዋና ጥቅም እንግዲህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ትናንት 240 የነበረው ሲአርፒ ዛሬ 130፥ ነገ 70 ቢሆን መድኃኒቱ ጀርሙን አግኝቶታል። ትናንት 120 የነበረው ዛሬ 200፥ ነገ 280 ቢሆን ደግሞ ጀርሙ መድኃኒቱን የለመደ ወይም ሌላ ዓይነት፥ ምናልባትም ሻጋታ፥ ሊሆን ይችላልና ሐኪሙ ሳይዘገይ ምክሩን መለወጥ አለበት። አንድ ቍጥር ጥቂት ይናገራል፤ ተከታትሎ የተጻፈ ቍጥር ብዙ ይናገራል። በአንድ ጠብታ ደም በጥቂት ደቂቃ ሲአርፒን የሚለካ መሣሪያ ዛሬ ስላለ፥ ምርመራው ለትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ የተጠበቀ አይደለም። ፕሮካልሲቶኒን ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ለመግዛት የሚያስብ ሹም ከላይ የተናገርነውን ጕድለት አስቀድሞ ቢመዝን ይበጃል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ከቤተ ሙከራ አልፎ የመንገድ ጕዳይ ሆኖ እናገኘዋለን። ለካንሰር መድኃኒት ከሩቅ ወረዳ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ ትልቅ ከተማ የሚመጣ በሽተኛ መድኃኒቱን ተቀብሎ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚያን ቀን ደኅና ነው። ነጭ ሕዋሱ የሚያልቀው ሐኪሙ በማያየው ሰዓት፥ በአሥረኛው ቀን፥ በገዛ ቤቱ ነው። ይተኵሰዋል። ወባ ነው ይባላል፤ ወይም ጉንፋን ነው ተብሎ ፓራሲታሞል ይሰጠዋል፤ ሙቀቱም ይወርድና ተሻለው ይባላል። የቀረው ብቸኛ ምልክት በዚያች እንክብል ተሸፈነ ማለት ነው። በጤና ጣቢያው ያለው አካሚ መግል ቢፈልግ አያገኝም፤ ደረቱን ቢያዳምጥ ንጹሕ ነው። በሽተኛው የካንሰር መድኃኒት መውሰዱን ካልተናገረ አካሚው ከየት ሊያውቅ ይችላል?

በመተማና በሑመራ ቈላ ደግሞ ሌላ መልክ አለ። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ የሚይዘው ካላ አዛር፥ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው በሽታ፥ በጣፊያ፥ በጕበትና በመቅኔ ውስጥ ገብቶ ነጭ ሕዋስን ይቀንሳል፤ በላዩም ባክቴሪያ ይጨመራል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እንዲህ ያሉትን በሽተኞች የሚረዳ የሊሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ። በዚህ በሽታ ትኵሳቱም ሲአርፒውም በካላ አዛሩ ምክንያት አስቀድመው ከፍ ብለው ስለሚገኙ፥ ባክቴሪያ መጨመሩን ከእነርሱ ለመለየት ያስቸግራል። እዚያ ላይ የሐኪሙ ዓይን፥ የትንፋሽ ቈጠራ፥ የደም ግፊት መለኪያ፥ በሽተኛው ቤተ ሰቡን ማወቅ አለማወቁ ከወረቀቱ ይበልጣሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ከእኛ ወገን ብዙ ሰው ምንም ሳይታመም የኒውትሮፊሉ ቍጥር በአውሮጳ መጻሕፍት ከተጻፈው ዝቅ ይላል። በ1987 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ስለ ገቡት ቤተ እስራኤል የወጣ ጽሑፍ ይህንኑ መስክሯል። በ2008ና በ2009 ዓ.ም. የወጡት የዘር ምርመራዎች ምክንያቱን ገልጠውታል፤ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ዳፊ የተባለው ምልክት የሌለው ሰው በደሙ የሚዞር ኒውትሮፊል ያንሰዋል፤ ከጀርም የመከላከል ኀይሉ ግን አይጐድልም። ስለዚህ 1,300 ኒውትሮፊል ያለው ጤነኛ ሰው ሕመምተኛ ነህ ተብሎ መድኃኒቱ ሊቋረጥበት ወይም ሊቀነስበት አይገባም። የእርሱን የዘወትር ቍጥር የካንሰር መድኃኒት ሳይጀምር መዝግቦ ማኖር ያስፈልጋል። ያ ካልተደረገ በኋላ ሲወርድ ከምን እንደ ወረደ የሚያውቅ የለም።

በሽተኛው ሲተኵሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያማክረው የንስሐ አባቱን ነው። ካህኑም ጸሎቱን አድርሶ፥ ጸበሉንም ረጭቶ፥ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ሂድ ቢለው ሁለቱ አይጣሉም፤ መጽሐፈ ሲራክ ባለመድኃኒትን አክብር ማለቱን ካህናቱ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ለሰባት ቀን ጸበል ገብተህ ተመለስ ቢለው ግን፥ ለዚህ በሽተኛ የተሰጠው ጊዜ ሰባት ቀን አይደለም፤ በሰዓት የሚቈጠር ነው።

ከሹማምንቱም የሚፈለገው እጅግ የከበደ ወጪ አይደለም። በየጤና ጣቢያው የሚሠራ የሙቀት መለኪያ፥ ለመጀመሪያው ቀን የሚሆን የጀርም መድኃኒት በመርፌ፥ የደም ቈጠራና የሲአርፒ መሣሪያ በወረዳው ሆስፒታል፥ ከዚያም መኪና ነው። ከሁሉም የሚቀለው ደግሞ የካንሰር መድኃኒት የሚሰጠው ሆስፒታል በሽተኛውን ሲያሰናብት በአማርኛ ወይም በአገሩ ቋንቋ ጽፎ የሚያስይዘው አንዲት ካርድ ናት፤ በላይዋም መድኃኒቱን የወሰደበት ቀን፥ የዘወትር የነጭ ሕዋሱ ቍጥር፥ የሆስፒታሉ ስልክ፥ ደግሞም ይህ ሰው 38 ዲግሪ ቢተኵስ መግል አይፈለግበት፥ ወባም ቢገኝበት የወባው መድኃኒት ብቻ ተሰጥቶት አይሰናበት፥ የጀርም መድኃኒት በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥሩ ይሰጠው የሚል ቃል ይጻፍባታል።